ውድ ዳክ፣ የአያቴ በገና እና አንዲት ብሎን

እንደምን አመሻችሁ፣ የሙዚቃ ወዳጆች። ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ጥያቄ "ውድ ዳክ ቤት ያለውን ስቴሪዮ በእርግጥ ያሻሽላል ወይ?" የሚል ነው። ዳክ (DAC) የምንለው በቁጥር የተቀመጠን ድምፅ የሚተረጉመውን ዕቃ ነው። መልሴን ወደ መጨረሻ አላቆየውም። በወጉ የተሠራ ርካሽ ዳክ ካላችሁ፣ ውዱ በጆሮ የሚለይ ነገር አይጨምርላችሁም። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ለዚህ ዕቃ ሊያወጣ የተነሣ ሰው እዚህ መካከላችን እንዳለ ስለማውቅ ነው ገና ከመነሻው የምናገረው።

የዳክ ሥራ ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ለአምፕሊፋየሩ ማቀበል ነው። ሲዲ ላይ ያለ ዘፈን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ የተመዘገበ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዲ ሲጀመር ይህን መልሶ ማውጣት ቀላል አልነበረም። የሶኒ የመጀመሪያው ማጫወቻ አንዱን ዳክ ለግራውም ለቀኙም በፈረቃ ያሠራው ነበር፤ ፊሊፕስም የጀመረው ከሲዲው ያነሱ ደረጃዎች ባሉት የ14 ቢት ቺፕ ነው። ያኔ "ዳክ ከዳክ ይለያል" ያለ ሰው እውነት ነበረው። ዛሬ ግን አፕል በ9 ዶላር በሚሸጣት የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ ውስጥ ያለችው ዳክ የምታመጣው መዛባት ጆሮ ከሚደርስበት በታች ነው።

"እኔ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" የምትሉኝ አላችሁ። እኔም ሰምቼው ነበር። አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ ሲመጣ 2,000 ዶላር ያወጣበትን ዳክ ይዞ ቤቴ መጣ። አያቴ በዐቢይ ጾም የደረደሩትን በገና ከፈትን። አጎቴ በ1976 ዓ.ም. በካሴት የቀዳው ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬዋለሁ። የእኔን ርካሽ ነቅለን የእሱን ስንሰካ አያቴ ወደ ፊት ቀረቡ፤ ወፍራሙ አውታር ሞላ። ባለቤቴ ሳትቀር ከጓዳ ወጥታ "ምን አደረጋችሁት?" አለች።

በማግሥቱ መልቲሜትር አወጣሁ። አንድ ወጥ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ በሁለቱም አጫውቼ መውጫቸውን ስለካ የእኔ 2 ቮልት፣ የእሱ 2.5 ቮልት ሆነ። 2 ዲሲቤል ያህል ብልጫ መሆኑ ነው። ጆሮ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ብልጫ "ጮኸ" አይላትም፤ "ጠራ፣ ሞላ" ነው የሚላት። የውዱን ቮልዩም ቀንሰን በመልቲሜትሩ አስተካከልን፣ ዕቃዎቹን በጋቢ ሸፈንን፣ ባለቤቴም ሳንቲም እየወረወረች ትቀያይርልን ጀመር። የትኛው እንደሚጫወት ስንለይ ከ20 ሙከራ ወዳጄ 11፣ እኔ 9 አገኘን፤ በግምት ብንመልስም ያው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሰዎች ያሳተሙት ሙከራም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ቦስተን አካባቢ ላሉ ድምፅ አፍቃሪዎች ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለውን ቅጂ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በሲዲ ደረጃ ባለ ቀያሪ አሳልፈው አሰሙ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ነበር።

ዳክ መግዛት የሚያስፈልግበት ጊዜማ አለ። ማውስ ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚንጫረር ድምፅ ከወጣ፣ ከውጭ የሚሰካ ዳክ ይገላግላችኋል። ርካሹ ይበቃል።

ገንዘባችሁ የሚያስፈልገው ክፍላችሁ ነው። ሳሎናችን ሴራሚክ፣ ልስን ግድግዳና ሰፊ መስታወት ነው፤ አንዴ ብታጨበጭቡ መልሶ ያጨበጭብላችኋል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ባስ ግድግዳው ሥር ያገንነዋል፣ መሀል ላይ ይውጠዋል። በገና ጎርናና ነውና ይህ ይጎዳዋል። ስፒከሩን ከግድግዳ አርቁ፣ ምንጣፍ ዘርጉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ሶፋውንም ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጉ። ይህን ለውጥ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰውም አይስተውም።

ወደ አያቴ በገና ልመለስ። የበገና ድምፅ የሚነዝረው በየአውታሩ ሥር በምትወሸቀው ቁራጭ ቆዳ ነው። በእኔ ቅጂ ያ ንዝረት ታፍኖ ነበር፤ ካሴቱ ስላረጀ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ባለፈው ክረምት የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ከዚያ ካሴቱ እየተጫወተ ሳለ ከሄዱ ጎን ያለችውን፣ ዝንባሌውን የምታስተካክለውን ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ አድርጌ አዞርኋት። ሩብ ዙር ሳይሞላ ንዝረቱ ተከፈተ። የአያቴ ትንፋሽ ተሰማኝ፤ ጣታቸው አውታሩን ሲለቅ፣ ውጭ ዶሮ ሲጮኽ ተሰማኝ። ይህ ሁሉ ድሮም ካሴቱ ላይ ነበረ። የእኔ ሄድ ዝንባሌ አጎቴ ከቀዳበት ቴፕ ሄድ ጋር ስላልገጠመ ነው ሳይነበብ የቀረው። ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባን ድምፅ የ2,000 ዶላር ዳክ ከየት ያመጣዋል?

ሰርጋችን፣ ልቅሷችን፣ ከባሕር ማዶ በካሴት የተላከልን ሰላምታ በየቁም ሣጥኑ ተቀምጧል። ሌላ ቅጂ የለውም። ለዳክ ያሰባችሁትን ለዚህ አውጡት ብዬ እለምናችኋለሁ፤ ደህና ቴፕ ግዙ፣ አስጠግኑ፣ በወጉ አስገልብጡ።

ዛሬ ቴፔን፣ ካቻቪቴውንና አልኮሉን ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚያ እንሂድ፤ አንዱን ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በጣም ያረጀው ይቅደም።