«እምዬ አራዳ ነበሩ»

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎቻችን፤

ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ አንዲት ቃል ለመናገር ነው። ቃሏም «አራዳ» ናት። እኛ ጎንደሮች በዚሁ ስም የሚጠራ ክፍለ ከተማ ስላለን ለጆሯችን እንግዳ አይደለችም፤ ነገር ግን አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ይህችኑ ቃል ቢያነሡ ሦስቱም አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለሚያከብሩት ሰው ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንዱ ልጅ በሞት ስለተለዩት አያቱ ጻፈ። አማርኛው የጠራ፣ ሐሳቡም የተያያዘ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን «እምዬ አራዳ ነበሩ» ብሎ ዘጋው። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቃሏን ሰረዝሁና በኅዳጉ ላይ «ነውር ነው» ብዬ ጻፍሁበት። ልጁ በዕረፍት ሰዓት ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። «እምዬ እኮ ሰው ቸግሮት ሲመጣ አፉን ሳይከፍት ይገባቸዋል። ጤፍ ያለቀበትን ጎረቤት ‹አለቀብኝ› እስኪል አይጠብቁም፤ ሲሸኙት ከበሩ ላይ ቋጥረው ያስይዙታል። ይኼን ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው?»

መልስ አጣሁ። በዚያች ሰዓት የታወሰኝ አባቴ ነው። አባቴ እህል ጭኖ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ እኔን ያስከትለኝ ነበር፤ ከተማው ጫፍ ስንደርስም «ልጄ፣ አራዳ እንዳያታልልህ፣ ዓይንህን ከጆንያው ላይ አታንሣ» ይለኝ ነበር። ለእርሱ አራዳ ማለት ባላገርን አይቶ ሚዛን የሚያዛባ፣ እያሣቀ ኪስ የሚዳብስ ሰው ነው። የልጁን ድርሰት የሰረዝሁት በአባቴ ትርጉም ነበር ማለት ነው።

ቃሏ ከዚያም በፊት ሌላ ነበረች። በአዲስ አበባ አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው ታላቁ ገበያ ስም ነበር፤ የከተማውን ጸጥታ ይጠብቁ የነበሩትም «የአራዳ ዘበኛ» ይባሉ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ቦታውን መርካቶ አሉት፤ የቀድሞው ሰፈርም በእነርሱ ቋንቋ አደባባይ ማለት በሆነው ፒያሳ በሚለው ስም ተጠራ፤ የእኛም የጎንደሮቹ ፒያሳ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። ገበያው ቦታውን ቢለቅም ስሙ በሰው ላይ ቀረ። በገበያ መካከል ያደገ ልጅ ዋጋ ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ በቀላሉ አይታለልም፤ ስለዚህ «የአራዳ ልጅ» ተባለ። ይህን ችሎታ እህል ይዞ የመጣው ባላገር ሲያየው ተንኰል ሆነበት፤ እዚያው ከተማ የተወለደው ወጣት ሲያየው ግን ብልኅነት ሆነለት፣ ብልኅነቱም እየዋለ እያደረ ሰው የመረዳት፣ ሳይጠየቁ የመስጠት ስም ሆነ። የከተማ ወጣቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን አነጋገር ራሱን እንኳ ዛሬ «የአራዳ ቋንቋ» እንለዋለን። በእኔ እምነት የቃሏን ትርጉም ያዞረው የተናጋሪው ቦታ መለወጥ ነው፤ ቃሏ የተበላሸችበት ወይም ልጆች ያበላሹበት ጊዜ የለም።

ይህ በአራዳ ብቻ የሆነ አይደለም። ዛሬ ሁላችን ለልጆቻችን የምንመኘውን «ጨዋ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የንጉሡ ሠራዊት ስም ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየአውራጃው ያሰፈሯቸው ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። ኋላ የተከበረ ወገን ልጅ ማለት ሆነ፣ ከዚያም አንገቱን የደፋ፣ አፉ የታረመ ሰው ማለት ሆነ። በዚችው ከተማ ግን ወደ አንድ የቅኔ መምህር ሄዳችሁ «ጨዋ ነው» የሚለውን ብትሰሙ ምስጋና አይምሰላችሁ፤ በቤተ ክህነት ጨዋ ያልተማረ ማለት ነውና። «ዱርዬ»ም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ዱር ነው። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን «ዱር ቤቴ» ብሎ መውጣት የአርበኛ ክብር ነበር፤ ከዚያው ሥር የበቀለው ዱርዬ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ከእንግሊዝኛ የመጣው «ሙድ» ከሁሉ ይፈጥናል፤ እዚያ የስሜት ስም ነው፣ እዚህ «ሙድ ያዘብኝ» ሲሉ ቀለደብኝ ማለት ነው፣ «ሙድ አለው» ሲሉ ደግሞ ያምራል ማለት ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «ልጆቻችን እኛ እንዳንሰማ ብለው ነው እንዲህ የሚያወሩት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን በልጆች አልተጀመረም። አዝማሪዎቻችን በሰርግ ቤት መካከል ሆነው እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ደጋሹ የማይሰማው የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ወልፍ ሌስላውም አጥንተው በ1952 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። እንዲህ ያለ ቃል ሌላው ሲያውቀው ለባለቤቱ ዋጋ ያጣል፤ ያን ጊዜ ወይ ይጣላል፣ ወይ የሁሉ ሆኖ ይቀራል። እኛ ትልልቆቹ አንዱን ቃል ተምረን በኩራት በተናገርነው ማግስት ልጆቹ የሚተውት ለዚህ ነው።

በማመልከቻና በፈተና ወረቀት ላይ የአራዳ ቋንቋ ይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ አንባቢው የማያውቀውን ቃል ዛሬም አርማለሁ። «ነውር ነው» ብሎ መጻፍን ግን ትቻለሁ። በምትኩ «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ እጽፋለሁ፤ ተማሪው በሚሰጠኝ መልስም ቃሉን በዚህ በያዝሁት ደብተር ላይ ከነዓመተ ምሕረቱ እመዘግበዋለሁ። እናንተም በቤታችሁ የምትሰሙትን፣ ማን እንደተናገረውና በምን ነገር ላይ እንደተናገረው ጽፋችሁ በልጆቻችሁ እጅ እንድትልኩልኝ እለምናችኋለሁ፤ የአያቶችን ቃል ደግሞ አስቀድሙልኝ።

የዚያን ልጅ ወረቀት በማግሥቱ መልሼ ተቀበልሁት። በኅዳጉ የጻፍሁትን አጠፋሁ፣ የቀነስሁበትን ነጥብ መለስሁለት፤ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይም «አራዳ፦ ጎረቤቱን ሳያስለምን የሚሰጥ» ብዬ ጻፍሁ።

አመሰግናለሁ።