ጨረቃን በሰዓት ማንበብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማሰላስለው ስለ ጨረቃ መልኮችና ስለ ስሞቻቸው ነው። የአዲስ ጨረቃን፣ የመጀመሪያ ሩብን፣ የሙሉ ጨረቃንና የመጨረሻ ሩብን ሥዕል በትምህርት ቤት አጥንተናል፤ ሥዕሉ ግን ማታ ቀና ስንል የምናየውን እምብዛም አያስረዳም። እኔ ከቅርጿ ይልቅ የምትወጣበትን ሰዓት መጠየቅ ይበልጥ ያስተምራል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ከንጋትና ከምሽት ተነሥቶ የሚቆጥረው የእኛ ሰዓት እጅግ የተመቸ ነው።

ከግርዶሽ ጊዜ በቀር የጨረቃ ግማሽ አካል ምንጊዜም በፀሐይ የበራ ነው፤ የሚለዋወጠው ከበራው ገጽ ለእኛ የሚታየን መጠን ብቻ ነው። አዲስ ጨረቃ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ከፀሐይ ጋር ወጥታ አብራት ስለምትጠልቅ አትታይም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች፤ ሳምንት ገደማ ሲሆናት መውጫዋ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፣ ፀሐይ ስትገባም አናታችን ላይ እናገኛታለን። ግማሿ በርቶ እያየን «ሩብ» የምንላት የዙሪያ ጉዞዋን አንድ አራተኛ ስለጨረሰች ነው። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ በመሆኗ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ እርሷ በምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ የመጨረሻዋ ሩብ ደግሞ እኩለ ሌሊትን ጠብቃ ትወጣለች። እንግዲህ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ቀጭን ጨረቃ ከምሥራቅ ወጣች ብሎ የሚተርክ ልብ ወለድ ካጋጠማችሁ፣ ደራሲው ሰማይ አላየም ማለት ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ለጋዋ ጨረቃ በጎኗ ቆማ ትሣላለች፤ ይህ ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ለሚኖር ሰው የሚቀርብ እይታ ነው። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨረቃ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ የበራው ጎኗም ወደ ጠለቀችው ፀሐይ፣ ማለትም ወደ ታች ስለሚዞር፣ ሁለቱን ጫፎቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተጋድማ ትታየናለች።

ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ ሁለቱ ሲደመሩ 354 ቀን ይሆናሉ፤ ከፀሐይ ዓመት የጎደለውን 11 ቀን ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ አበቅቴ ብሎ ይይዘዋል፣ ከ30 የቀረውን 19 ደግሞ መጥቅዕ ይለዋል። ሁለቱ በየዓመቱ ቢለዋወጡም ድምራቸው 30 ነው፤ በ2018 ዓ.ም. አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ሲሆን፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን የገባው ከዚሁ ስሌት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ግን የረመዳንን መግቢያ ለማወቅ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን፣ 29ኛ ቀን ምሽት ምዕራቡን አድማስ ይቃኛሉ፤ ለጋዋ ጨረቃ ፀሐይን ተከትላ ፈጥና ስለምትጠልቅ፣ ለፍለጋው ያላቸው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።