ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐበሻ ሱቅ መክፈት ይችላል ወይ?

[ምስል፦ የጄፒ የጅምላ መደብሮች]

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ። ፎቁ ከታች እስከ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ ተጠቅጥቆበታል። ሻጩ ሐበሻ ነው፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ ሐበሻ ነው። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ የሄደ ልጅ ከዚህ በዱቤ ዕቃ ያነሳና ወደ ሎኬሽን፣ ማለትም ጥቁሮች ወደሚኖሩበት የከተማ ዳር ሰፈር ይሄዳል። እዚያ የአንድ ቤተሰብ ጋራዥ ተከራይቶ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ፣ ወተት፣ ዘይትና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ስፓዛ የሚባለው ሱቅ ይሄ ነው።

ታዲያ የውጭ ዜጋ ይህን ሱቅ መክፈት በሕግ ይፈቀድለታል?

ሕገ መንግሥቱን የገለጠ ሰው መልሱን ያገኘ ይመስለዋል። አንቀጽ 22 ንግድና ሙያን በነፃነት የመምረጥ መብት የሚሰጠው ለዜጋ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው አይነግድም የሚል ቃል ግን የለበትም። ሰውን የሚይዘው የመኖሪያ ወረቀቱ ነው።

በቢዝነስ ቪዛ ለሚገባ ሰው መነሻው 5 ሚሊዮን ራንድ ነው። ከሚቀጥራቸውም 60 በመቶው ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች መሆን አለባቸው። 5 ሚሊዮን ራንድ በእጁ ያለ ሰው ሎኬሽን ገብቶ ሲጋራ በፍሬ ሲሸጥ አይውልም! ስለዚህ ብዙው የኛ ሰው የሚሠራው በጥገኝነት ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ በስደተኞች ሕግ አንቀጽ 22 ነው፤ የቁጥሩ መመሳሰል ክርክሩን ሁሉ ያምታታል።

[ካርታ፦ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር]

የጥገኝነት ወረቀት ሱቅ ያስከፍታል ወይ የሚለው በፍርድ ቤት የተለየው ሊምፖፖ በተነሳ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖሊስ «ኦፕሬሽን ሃርድስቲክ» ብሎ በጠራው ዘመቻ ከ600 በላይ የውጭ ዜጎችን ሱቆች ዘጋ። ዕቃም ተወሰደ። ፈቃድ የላችሁም ተባሉ፤ ፈቃድ ስጡን ብለው ሲያመለክቱ ለውጭ ዜጋ አንሰጥም ተባሉ። ጭራሽ ከተመዘዙት ሕጎች አንዱ በአፓርታይድ ዘመን ሌቦዋ የተባለው የጥቁሮች ክልል በ1977 ያወጣው የንግድ ሕግ ነበር።

የሶማሌዎችና የኢትዮጵያውያን ማኅበራት አብረው ከሰሱ። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተረቱ። ይግባኙ ብሉምፎንቴይን ከተማ ያለው የአገሪቱ ጠቅላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰና መስከረም 2014 ላይ ተፈረደላቸው። ዳኛ ናቭሳ የጻፉት ውሳኔ አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አዎ፣ አንቀጽ 22 ለዜጋ ነው፤ ሆኖም ሰብዓዊ ክብር ለማንኛውም ሰው የተሰጠ መብት ነው። ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ስደተኛ ሱቅህን ዝጋ ማለት ለረሃብ መዳረግ ነው፤ ያ ደግሞ ክብሩን ይነካል። ስለዚህ ስደተኛም ጥገኝነት ጠያቂም የንግድ ፈቃድ ማመልከትና ማሳደስ ይችላል።

ማመልከት ይችላል ነው የተባለው። ብዙ ሰው ፍርዱን ሲያወራ ይህችን ይዘላታል። የጤናው መስፈርት፣ የቦታ አጠቃቀሙ፣ ግብሩ ሁሉ ባለበት አለ። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ከዚህ ፍርድ ያገኘው ነገር የለም።

[ምስል፦ ሶዌቶ]

ነገሩ እንደገና የጋለው በ2024 ነው። ሶዌቶ ውስጥ ስድስት ሕፃናት ተመርዘው ሞቱ፤ በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ የሚባል የእርሻ ፀረ ተባይ ነበር። ጣት ወዲያው ወደ ውጭ ዜጎች ሱቅ ተቀሰረ። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ችግሩ ደቡብ አፍሪካውያን በያዟቸው ሱቆችም ሊኖር እንደሚችል ቢናገሩም፣ ስፓዛዎች በሙሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። ቀኑ አልበቃም፤ እስከ የካቲት 2025 መጨረሻ ተራዘመ።

ምዝገባው በደንቡ ላይ ዜጋውንም የውጭ ሰውንም የሚመለከት ነው። ሆኖም ወረፋው ላይ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሠራ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጥገኝነት ወረቀት ደግሞ በየጊዜው መታደስ አለበት። የግብር ቁጥርና የጤና ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። መኖሪያ ቤት ውስጥ ለመነገድ የቦታ አጠቃቀም ፈቃድ አለ፤ እሱ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል። አከራዩ አልፈርምም ካለ፣ ወይም ኪራይ ካልጨመርክ ካለ፣ ማመልከቻው ባለበት ይቆማል። ከዚህ ለመሸሽ ሱቁን በአገሬው ሰው ስም የሚያስመዘግብ አለ። እኔ አልመክርም፤ ጠብ የመጣ ቀን ሱቁም ዕቃውም የባለ ስሙ ነው።

መንግሥት ለስፓዛዎች 500 ሚሊዮን ራንድ የድጋፍ ፈንድ መድቧል። እሱ ለደቡብ አፍሪካውያን ባለሱቆች ብቻ ነው።

ይሄ ግፍ ነው ብሎ ለመፍረድ ለቸኮለ፣ ኢትዮጵያም ችርቻሮን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ከልላ ኖራለች። ለውጭ ሰው በቅድመ ሁኔታ የተከፈተው በ2024 በወጣ መመሪያ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴ ያኔ ያነሳው ስጋትና የሶዌቶው ባለሱቅ ዛሬ የሚያነሳው ብዙም አይራራቅም፤ ካፒታል ያለው መጥቶ ይውጠናል ነው ነገሩ። ልዩነቱ ሎኬሽን የገባው የኛ ልጅ ካፒታሉ የጄፒ ዱቤ መሆኑ ነው።

እዚያ ሱቅ ላላችሁ አንድ ነገር። ሊያሽግ የመጣ ሰው የትኛው ወረቀት እንደጎደለ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የምዝገባውንና የኪራይ ውሉን ቅጂ ሱቅ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ፤ ዝርፊያ ሲነሳ ወረቀቱም ከዕቃው ጋር ይሄዳል፣ ያለ እሱ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ከዜሮ ያስጀምራችኋል።