የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ድረ ገጽ ሰው ሰው ይሽተት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ጎንደር ትልቅ ሰው ቤት ሲገባ «ኖር» ተብሎ ይነሣለታል፤ ቦታ ይለቀቅለታል። ቤቱ በምን እንደተሠራ ቆሞ የሚያስረዳው የለም። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ድረ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳውን የሚቀበለው በብቃት ዝርዝር ነው። ፈጣን፣ አስተማማኝ፣ ዘመናዊ። ሁሉም ይህንኑ ይላሉ። ታዲያ ጀማሪው በምን ይለያቸው?

ጎ የተባለውን ቋንቋ እንውሰድ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ነው። የድረ ገጹ የፊት ገጽ ላይ ኮድ መሞከሪያ ሳጥን አለ። ምንም ሳትጭኑ፣ በስልካችሁ፣ እዚያ ያለውን ሰላምታ አጥፍታችሁ «ሰላም ጎንደር» ብላችሁ ጻፉ። ቁልፉን ስትነኩት ፊደላችን ከታች ይወጣል። አንድ ልጅ በገዛ ፊደሉ የጻፈው ሲሠራ ካየ፣ የቀረውን እንዲያነብ የሚለምነው ሰው አያስፈልገውም።

ፊደላችን ሳይበላሽ መውጣቱ ደግሞ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። ከጎ ፈጣሪዎች ሁለቱ፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን፣ ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት የሚያስቀምጥበትን ዩቲኤፍ-8 የተባለ አሠራር የነደፉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሚነጠፍ ወረቀት ነው የነደፉት። ዛሬ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዚያ አሠራር 3 ባይት ይዞ ዓለምን ይዞራል። የእኛን «ሀ» ያሻገረ ታሪክ እኮ ነው! እኔ ብሆን ከገጹ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ሰው ሰው የሚሸት ገጽ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ማን ሠራው? ምን ቸግሮት? ዛሬስ ማን ይሠራበታል? ሥዕልም ያግዛል። ረኔ ፍሬንች የሣለቻትን፣ የጎ መለያ የሆነችውን እንስሳ አንዴ ያየ አይረሳትም። ከኢንተርኔት የተለቀመ፣ ፈገግ ያሉ የቢሮ ሠራተኞች ፎቶ ግን ለማንም ምንም አይነግርም። ገጹም ቀለል ይበል። ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ተማሪ ግማሽ ደቂቃ አይጠብቅም።

ሩቢ የተባለውን ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ድረ ገጽ በጎ ፈቃደኞች ወደ ብዙ ቋንቋዎች ይመልሱታል፤ የገጹ ምንጭ ኮድም ሰዎች ኮድ በሚጋሩበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ክፍት ነው። አማርኛውን መጀመር የሚችሉ ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ምሳሌዎቹንም የእኛ እናድርጋቸው። ከአዘዞ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ሒሳብ ይሁን፤ ስንት ሰው ተሳፈረ፣ የአንዱ ስንት ብር፣ ድምሩስ?

ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ ያላችሁ እዚሁ ቆዩ። የአማርኛውን የፊት ገጽ አብረን እንጀምረዋለን።