የኋላ መስታወት ማሞቂያ አልሠራ ሲል፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ኋላ መስታወት ማሞቂያ የሚደውሉልን አድማጮች ይበዛሉ። የተደጋገሙትን አውጥተን ቀሪዎቹን ከመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው መልስ ጋር እነሆ ብለናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መኪናዬ ኮሮላ ነው። ጠዋት የኋላ መስታወቱ ውርጭ ይይዘዋል። ማሞቂያውን ስጫን የማብሪያው መብራት ይበራል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ጋራዥ ስወስደው «መስታወቱ ይቀየር» አሉኝ። ሌላ መላ የለውም?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ያ መብራት ማብሪያው መጫኑን እንጂ ኤሌክትሪኩ መስታወቱ ጋ መድረሱን አይነግርዎትም። መስታወቱ ላይ የሚያዩአቸው ቀጫጭን መስመሮች ሽቦ አይደሉም፤ ብር ያለበት ቅባት በውስጠኛው ገጽ ላይ ታትሞ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ነው። ግራና ቀኝ ቁልቁል ከወረዱት ሰፋፊ መስመሮች አንዱ ፖዘቲቭ ነው፣ ሌላው ኔጋቲቭ። ቀጫጭኖቹ በሁለቱ መሀል እንደ መሰላል ተዘርግተው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሠራሉ። ስለዚህ አንዱ ቢበጠስ የሚሞተው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ከሞቱ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መስታወቱ በሚመጣው መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ፤ በብዙ መኪና ከ20 እስከ 30 አምፒር ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ማሞቂያውን ሲጫኑ ሪሌው (ማብሪያው ሲጫን ወደ መስታወቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው) «ጠቅ» ማለቱን ያዳምጡ። ከዚያ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገው ሽቦው መስታወቱ ላይ የሚሰካባቸውን ሁለቱን የብረት ምላሶች ይለኩ። በሁለቱ መሀል ከ12 ቮልት በላይ ካገኙ መንገዱ ደህና ነው። ከ11 በታች ከሆነ የዛገ ሶኬት ወይም የሳሳ ሽቦ አለ። ዜሮ ካሳየ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቦዲው ላይ ንጹሕ ብረት አስነክተው ምላሶቹን አንድ በአንድ ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ፖዘቲቩ አልመጣም። ሁለቱም 13 አካባቢ ካሳዩ ግን የተበጠሰው ማሳው፣ ማለትም ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው፤ መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ በመስመሮቹ አልፎ እዚያ ቆሟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልግዎ የማሳውን ቡሎን ፈትቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ነው። ለዚህ መስታወት መቀየር ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ የእኔ ይሠራል፤ መሀል ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች ግን አይሞቁም። በዓይን ብፈልግ የተበጠሰ ነገር አላየሁም። በኦም (በኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ብለካም መስመሩ ደህና ነው ይለኛል።

መልስ፦ በኦም መለካት እዚህ ላይ ያሳስታል። የተበጠሰውን መስመር ከጫፍ ጫፍ ሲለኩ ቴስተሩ በጎረቤቶቹ በኩል ዞሮ ስለሚገናኝ ሁልጊዜ ትንሽ ኦም ነው የሚያሳየው። መለካት ያለብዎ ቮልት ነው፣ ያውም ማሞቂያው በርቶ።

ማሞቂያውን ያብሩና መጀመሪያ መስታወቱ ላይ በአፍዎ «ሃ» ብለው ይተንፍሱበት። ጤናማው መስመር ዙሪያውን ያጠራል፣ የሞተው እንዳላበው ይቀራል። መስመሩን ከለዩ በኋላ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኔጋቲቭ ምላሱ ላይ ያድርጉ። የቀዩን ሹል ጫፍ በአልሙኒየም ፎይል ይጠቅልሉትና ፎይሉን በጣትዎ መስመሩ ላይ ይጫኑት፤ ሹሉ እርቃኑን ከሄደ መስመሩን ይጭረዋል፣ ሊጠግኑ ገብተው አዲስ ስብራት ይፈጥራሉ። ከፖዘቲቩ ጎን ተነስተው ወደ ኔጋቲቩ ቀስ እያሉ ያንሸራቱ። ደህና መስመር ላይ ቁጥሩ ከ12 ጀምሮ በዝግታ ይወርዳል፤ መሀል ሲደርስ 6 አካባቢ ይሆናል። የተበጠሰ መስመር ላይ ግን 12 እንዳለ ይሄድ ይሄድና በአንድ ቦታ ድንገት ወደ ዜሮ ይወድቃል። ስብራቱ እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት ስለሆነች በዓይን ባይለዩአት አይገርምም። ቦታውን ከውጭ በኩል በእስክሪብቶ ማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ ከውስጥ ካደረጉ በኋላ ሲያጸዱ ይጠፋብዎታል።

አንድ መስመር ላይ ሁለት ስብራት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያውን ጠግነው ካልሞቀ ልኬቱን ይድገሙት እንጂ የጠገኑበትን ቀለም አይርገሙ።

ጥያቄ፦ የተበጠሰውን ቦታ አግኝቼ ለብረት በር የሚቀባውን የብር ቀለም ቀባሁት። ምንም ለውጥ የለም። ለምን?

መልስ፦ ያ ቀለም ብርማ ይምሰል እንጂ ውስጡ ያለው የአልሙኒየም ብናኝ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በኦክሳይድና በቫርኒሽ ስለተሸፈነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የመጻፊያ እርሳስም ሞክረው የሚደውሉልን አሉ፤ እርሳስ ያሳልፋል፣ ግን ተቃውሞው ለዚህ ሥራ እጅግ ብዙ ነው። የሚያስፈልግዎ እውነተኛ ብር ያለበት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ቀለም ነው። ለኋላ መስታወት መጠገኛ ተብሎ በጥቂት ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይሸጣል። ካጡት ለኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት መጠገኛ የሚሸጠው የብር ቀለምም ይሠራል።

አሁን የቀቡትን መጀመሪያ በአሴቶን ጥጥ ነክረው ያንሱት፤ መስኮት ይክፈቱ፣ ፕላስቲክና ጨርቅ ላይ አያንጠባጥቡ። ከዚያ ስብራቱን ግራና ቀኝ ከ5 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ በላጲስ ቀስ ብለው ያሹት፣ በአልኮል ይጥረጉት፣ ይድረቅ። ከመስመሩ በላይና በታች የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በመሀሉ የሚቀረው ክፍተት ልክ የመስመሩን ስፋት ያህል ይሁን። ጠርሙሱን ሁለት ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይነቅንቁ። ብሩ ከባድ ስለሆነ ሥር ይዘቅጣል፤ ሳይነቀንቁ ከቀቡ የሚቀቡት ላዩን ያለውን ሙጫ ብቻ ነው። በቀጭን ብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ጤናማው መስመር ላይ በሁለቱም በኩል 5 ሚሊ ሜትር ይደርቡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛ ስስ ሽፋን ይጨምሩ፣ ካስፈለገ ሦስተኛ። በአንድ ጊዜ ወፍራም ከቀቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይላጡት፤ ከደረቀ በኋላ ከላጡት ጠርዙን ይዞ ይነሳል።

ከዚያ 24 ሰዓት አይንኩት። ቸኩለው ካበሩት ውስጡ የቀረው ማሟሟያ ይፈላና ቀለሙ አረፋ ያወጣል።

ሌላው የጥገና ጠላት የደከመ ሽፋን ነው። ስሌቱን እንየው። ማሞቂያው 15 አምፒር ቢስብና 12 መስመር ቢኖረው፣ በአንድ መስመር 1.25 አምፒር ያልፋል፤ የአንዱ መስመር ተቃውሞ 10 ኦም ገደማ ነው ማለት ነው። መስመሩ 1 ሜትር ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትሩ 0.1 ኦም ይይዛል። እርስዎ የቀቡት 1 ሴንቲ ሜትር 1 ኦም ከሆነ ግን እዚያች ቦታ ላይ ከሌላ ጤናማ መስመር 1 ሴንቲ ሜትር ስምንት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈጠራል። በሳምንት ውስጥ ተቃጥሎ ይለያያል፣ «ቀለሙ የማይረባ ነው» ይባላል። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ማሞቂያውን አብርተው ከቀለሙ ግራና ቀኝ ያለውን የቮልት ልዩነት ይለኩ። 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ጥሩ ነው። ወደ 1 ቮልት ከተጠጋ አንድ ሽፋን ይጨምሩበት። ክፍተቱ ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ በቀለም መጠገኑን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሽቦው የሚሰካበት የብረት ምላስ ከመስታወቱ ተነቅሎ ወደቀ። በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት፣ ጠንክሮ ይዟል፣ ግን አይሠራም።

መልስ፦ ሱፐር ግሉ ይይዛል እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በምላሱና በመስታወቱ መሀል መከላከያ አስገብተዋል። ሙጫውን በአሴቶን እያለሰለሱ ያውጡ። በብረት አይፈንቅሉት፣ ሥሩ ያለው የብር መስመር አብሮ ይነሳል።

ሁለት ምርጫ አለዎት። ቀላሉ ብር ያለበት ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ ሙጫ ነው፦ እኩል በእኩል ያዋህዱ፣ ምላሱን በፕላስተር አስረው 24 ሰዓት ይተዉት። ጠንካራው ሶልደር ማድረግ (በቀለጠ ብረት ማጣበቅ) ነው፣ ግን በተለመደው የሬዲዮ ሶልደር አይደለም። ተራ ቆርቆሮና እርሳስ ሲቀልጥ የመስታወቱን ብር እያሟሟ ይበላዋል፤ 2 በመቶ ብር ያለበት ሶልደር ይፈልጉ። መጀመሪያ ምላሱን ለብቻው ሶልደር ያልብሱት። መስታወቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ ያድርጉ፣ ከዚያ የጋለውን የሶልደር ማድረጊያ ብረት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያስነኩ። የኋላ መስታወት ሙቀት ከበዛበት በአንድ ቦታ አይሰነጠቅም፤ ሙሉው ነው የሚረግፈው። እጅዎ ሶልደር ካለመደ ኤፖክሲውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው። የኋላ በሩን ስከፍትና ስዘጋ ማሞቂያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ሰሞኑን ደግሞ ፊውዝ ማቃጠል ጀምሯል።

መልስ፦ የኋላ በሩ ማጠፊያ አጠገብ ገመዶቹ የሚያልፉበትን የጎማ ቱቦ ያላቅቁና ውስጡን ይዩ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያው ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ መዳቡ ይበጠሳል፣ ልባሱ ይላጣል። የተላጠው ቦዲ ሲነካ ፊውዝ ያቃጥላል። በተመሳሳይ ወይም ወፈር ባለ ሽቦ ቀጥለው፣ ሶልደር አድርገው፣ ሲሞቅ በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑት፤ ቅጥያው ከሚታጠፈው ቦታ ይራቅ። በ20 ፊውዝ ቦታ 30 መሰካት ግን እሳት መጋበዝ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሩን ስቲከር ከኋላ መስታወቱ ማንሳት እፈልጋለሁ። መስመሮቹን እንዳላጠፋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምላጭ ቦታው ላይ አያድርሱ። ማሞቂያውን አብርተው መስታወቱ ለብ ሲል፣ ወይም በእንፋሎት እያሞቁ፣ ስቲከሩን ከአንድ ጎን ጀምረው መስመሮቹን ተከትለው በዝግታ ይላጡ። ከላይ ወደ ታች መስመሮቹን አቋርጠው አይጎትቱ። የቀረውን ሙጫ በሳሙና ውሃ አርሰው፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ወደ ጎን ብቻ ይሹት። ጭረት የሚያወጣ ስፖንጅም አይጠቀሙ። ብዙ መስመር ከስቲከሩ ጋር ተነስቶ ከሆነ በቀለም መከተሉ አያዋጣም፤ ያኔ መስታወት መቀየር ልክ ነው። ያገለገለ ሲገዙ ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱም ምላሶች በቦታቸው መሆናቸውን ይዩ፣ መስመሮቹንም በብርሃን ፊት ይዘው አንድ በአንድ ይመርምሩ። በሁለቱ ምላሶች መሀል የሚለካው 1 ኦም አካባቢ ነው፤ ይሄ ግን አንዱ ቢበጠስ ስለማይለይ ዓይንዎን አይተካም።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ ነው የምደውለው። በረዶውን ስፍቅ መስመሮቹን እጎዳለሁ? ጥገናውንስ በዚህ ብርድ ውጭ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ በረዶው ከውጭ ነው፣ መስመሮቹ ከውስጥ ናቸው፤ ሳይሰጉ ይፋቁ። የፈላ ውሃ ብቻ አይድፉበት። ጥገናውን ግን ውጭ አይሥሩት። ቀለሙም ኤፖክሲውም በብርድ አይደርቅም፣ ጤዛ ባለው መስታወት ላይም አይጣበቅም። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ የሞቀ ጋራዥ ይፈልጉ፣ መኪናውንም እዚያው ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ ማሞቂያዬ 15 ደቂቃ ያህል ሠርቶ በራሱ ይጠፋል። ሪሌው ነው?

መልስ፦ የለም፣ ደህና ነው። ባትሪና ዲናሞ እንዳይጎዳ ሰዓት ቆጣሪ አለው። መስታወቱ ካልጠራ እንደገና ይጫኑት።