አንድ ሰኮና አይቀርም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዚህ ሳምንት ያደረሰን አምላክ ይመስገን።

ነገ ጸሎተ ሐሙስ ነው። በየቤታችን ባቄላው ተከክቶ፣ ስንዴው ተፈትጎ ጉልባን ይቀቀላል። ለምን እንደሆነ አባቶችን ስንጠይቅ እስራኤል ከግብፅ የወጡባትን ሌሊት ያነሱልናል። ሊጡ እስኪቦካ የሚጠበቅበት ጊዜ አልነበረም፤ ቂጣውን ጋግረው፣ ንፍሮውን ይዘው ወጡ። ዛሬ ስለዚያ አወጣጥ ነው የማወራችሁ።

አሥሩን መቅሠፍት ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ውኃው ደም ሆነ፣ ጓጉንቸር ወጣ፣ ቅማል፣ ዝንብ... እያልን እንቆጥራለን። መጽሐፉ ግን ወደ መቅሠፍቱ ከመግባቱ በፊት ስለ ጡብ ያወራል። እኛም ከዚያ እንጀምር።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው የጭድን ነገር ያውቃል። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፈርዖንም ይህን ያውቃል። ሙሴና አሮን ገብተው «ሕዝቤን ልቀቅ» ባሉት ቀን መልሱ ምን ነበር? ጭድ አትስጧቸው፣ ራሳቸው ይልቀሙ፣ የጡቡ ቁጥር ግን አይጉደል! በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ከዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የቀረ የቆዳ ጥቅል አለ። አርባ አለቆች ተዘርዝረውበታል። ለእያንዳንዳቸው የተመደበው 2000 ጡብ ነው። ማን ስንት እንዳስገባና ስንት እንደጎደለው ተጽፏል። ስለ እስራኤል የተጻፈ አይደለም። ግን በግብፅ የሰው ድካም እንዴት ይቆጠር እንደነበር በዓይን ያሳያል። በኦሪትም ቁጥሩ ሲጎድል የተገረፉት ከሕዝቡ መካከል የተሾሙት አለቆች ናቸው። አቤት ሊሉ ወደ ፈርዖን ሄዱ። «ሰነፎች ናችሁ፣ ሰነፎች» አላቸው። ጉልበታቸውን ከበላ በኋላ ስማቸውንም አጠፋ። እኔን ከግርፋቱ ይልቅ ይህች ቃል ታመኛለች።

ከዚያ መቅሠፍቱ መጣ። ጓጉንቸሩ ምድጃና ቡሃቃ ውስጥ ሳይቀር ገባ። በረዶው ተልባውንና ገብሱን መታ፤ ስንዴው ገና ስለነበረ ተረፈ፤ የተረፈውን ደግሞ አንበጣ ጨረሰው። የፈርዖን ሹማምንት ራሳቸው «ግብፅ እንደጠፋች ገና አታውቅምን?» ብለውታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፈርዖን እስከ መጨረሻው «እምቢ» ብቻ ሲል የቆየ ይመስለናል። አይደለም። ተደራድሯል። ዝንቡ ሲበዛበት «ሂዱ ሠዉ፣ ግን እዚሁ አገር ውስጥ» አለ። አልሆነም። «እሺ ውጡ፣ ግን ሩቅ አትሂዱ» አለ። አንበጣ ይመጣብሃል ሲባል «ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ» አለ፤ ሚስትና ልጅ መያዣ ሆነው ሊቀሩ ነው። ሦስት ቀን ከጨለመበት በኋላ ደግሞ «ልጆቻችሁንም ውሰዱ፣ ከብቶቹ ብቻ ይቅሩ» አለ። ሰውየው በየጊዜው ትንሽ ይለቃል፣ አንድ ነገር ግን በእጁ ያስቀራል። የሚያስቀረው ነገር ገመድ ነው። በፈለገ ጊዜ ስቦ ይመልስበታል።

የደከመ ሕዝብ «ኧረ ይቺም አትናቅ» ብሎ ቢቀበል ማን ይፈርድበታል? ሙሴ ግን አልተቀበለም። «ከብቶቻችንም ከእኛ ጋር ይሄዳሉ፤ አንድ ሰኮና አይቀርም» አለ። በመላው ኦሪት ውስጥ እንደዚህ ቃል ልቤን የሚያቆመው ጥቂት ነው። ግማሽ ነፃነት የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው።

የመጨረሻውን ሌሊት ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በኩር ሞተ። በዙፋን የተቀመጠው የፈርዖን ልጅ ብቻ ቢሆን ለመስማት ይቀል ነበር። መጽሐፉ ግን ከወፍጮ በስተኋላ ያለችውን የባሪያይቱን ልጅም ይጨምራል። እሷ ማንንም አላስገረፈችም። የአንድ ገዥ ልብ ሲደነድን ዕዳው በወፍጮ ቤት ላለችውም ይደርሳል። አይሁድ በፋሲካ ማዕድ መቅሠፍቶቹን አንድ በአንድ ሲጠሩ ከጽዋቸው ወይን የሚያንጠባጥቡት፣ ሌላው እየሞተ ደስታችን ሙሉ አይሆንም ብለው ነው። እኛም ታሪኩን ስንተርክ እልል ከማለታችን በፊት ይህችን እናት እናስባት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ አትቀየሙኝ። ይህን ኦሪት ከሺህ ዓመት በላይ በቤተ ክርስቲያናችን አንብበናል። ያም ሆኖ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ እስኪሻር ድረስ በአገራችን ሰው በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን ባሪያን ነፃ ማውጣት ያመሰግናል፣ ባርነትን ግን አልከለከለም። ስናነብ ሁሌ ራሳችንን ከእስራኤል ወገን እናቆማለን። በፈርዖን ወገን የቆምንበት ዘመን እንዳለ ግን ታሪካችን ይመሰክራል።

ዛሬስ? እኅቶቻችን ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ይሠራሉ። ስንቷ ናት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ የተቆለፈባት? ደመወዟ «ኋላ ትወስጃለሽ» እየተባለ የተያዘባት? እንግዲህ ሰኮና ማለት ይኸው ነው። በዚህ እንቆጣለን፣ መቆጣታችንም ልክ ነው። ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በየቤታችን፣ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። የዕረፍት ቀን አላት? መታወቂያዋ በማን እጅ ነው? የሰባት ወር ደመወዟን «አስቀምጥልሻለሁ» ያልናት መቼ ልንሰጣት ነው?

ኦሪት ዘዳግም ለዚህ ግልጽ ትእዛዝ አለው። ነፃ የምታወጣውን ሰው ባዶ እጁን አትስደደው፤ ከመንጋህ፣ ከአውድማህ፣ ከወይን መጥመቂያህ ስጠው፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ይላል። ኮብልሎ የመጣብህንም ለጌታው አሳልፈህ አትስጠው ይላል።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ትንሣኤን ከቤተሰቧ ጋር ልትውል የምትሄድ ሠራተኛ ያለችን ሁሉ ነገ ጠዋት ሒሳቧን እንሥራ። የቆየውን ደመወዝ አንድ ብር ሳናስቀር እንስጣት። መታወቂያዋን በእጇ እናድርግ። የመሳፈሪያዋንና ለእናቷ የምትወስደውን ከእኛ እንጨምርላት። መመለስ ካልፈለገች ደግሞ መርቀን እንሸኛት።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።