የእምቢታ ዋጋ

የተከበራችሁ የንባብ ክበቡ አባላት፣ ወጣቶች፣ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ርእሱን የሰጡኝ ልጆች በቁራጭ ወረቀት ላይ «የግል ነጻነት በዘመናዊው ኅብረተሰብ፦ እውነት ወይስ ቅዠት?» ብለው ነው የጻፉልኝ። ወረቀቷ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፋ ሦስት ሳምንት ከረመች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ፈላስፋ አይደለሁም። እንዲያውም ትልልቅ ቃላት ተደርድረው ሳይ ቀይ እስክሪብቶ ያምረኛል። ስለዚህ ከትልቁ ጥያቄ አልጀምርም፤ ከስልኬ ልጀምር።

ልጄ ካናዳ ነው የሚኖረው። ባለፈው ጥር በሰው እጅ አዲስ ስልክ ላከልኝ። የምንደዋወልበትን መተግበሪያ ልጭን ስል ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ጣቴ እስኪዝል ወደ ታች ገፋሁት፤ አያልቅም። መጨረሻው ላይ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ቤት የምታግዘኝ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ታየኛለች። «እትዬ፣ አልስማማም ቢሉትስ?» አለችኝ።

ነገሩ ገረመኝና አልስማማም አልኩት። መተግበሪያው ድርግም ብሎ ተዘጋ። ደግሜ ከፈትኩት፤ ያው ጽሑፍ፣ ያው ቁልፍ። ትንሽ ተፋጠጥንና «እስማማለሁ»ን ተጫንኩ።

ማንም እጄን ጠምዝዞ አላስጫነኝም። በሕግ ፊት ነጻ ሰው ነኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወቴ ይከበራል ይላል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልኛል። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን እምቢ ብል የማጣው የልጄን ድምፅ ነው።

ሦስት ሳምንት ወረቀቷን ሳያት ሳያት የደረስኩበት ይህ ነው፦ አንድ ሰው ነጻ ይሁን አይሁን ለማወቅ ምን ማድረግ እንደሚችል አልጠይቅም። እምቢ ቢል ምን እንደሚያጣ ነው የምጠይቀው። ነጻነት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር የማያልቀው፣ ሁላችንም እምቢ ማለት «ስለምንችል» ይመስለኛል። የምንለያየው በሚያስከፍለን ዋጋ ነው።

እምቢ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ቤት አለው። በፉከራ ላይ ሲሆን የጀግና ቃል ነው፤ እምቢኝ፣ አሻፈረኝ የሚል ሰው ይወደሳል። እቤት ውስጥ ግን እምቢ ያለ ልጅ ቁንጥጫ ነው የሚደርሰው። ክፍል ውስጥ እምቢ ያለ ተማሪ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ እኔም ብያለሁ። እምቢታን በዘፈን እያወደስን በኑሮ እየቆነጠጥን ነው ያደግነው፤ ያሳደግነውም።

ከፈላስፎቹ ሰፈር አንድ ነገር ብቻ ልዋስ። ቤንጃሚን ሊቤት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሰዎች ደስ ባላቸው ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይነገራቸዋል፤ አንጎላቸው ደግሞ በመሣሪያ ይታያል። «አሁን ወሰንኩ» ከሚሉበት ቅጽበት የሰከንድ ሲሶ ያህል ቀደም ብሎ አንጎላቸው መዘጋጀት ጀምሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ነጻ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም የሚሉ ሰዎች ይህን ሙከራ ሳይጠቅሱ አያልፉም። ሙከራው ምን ያሳያል በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም፤ እኔም አልገባበትም። የወደድኩት ሊቤት ራሱ ያለውን ነው። ፍላጎቱ ሳናውቀው ቢጀምርም፣ እጃችን ከመንቀሳቀሱ በፊት ልናስቆመው የምንችልበት ጥቂት ጊዜ አለ አለ። በእኔ አማርኛ፦ «እሺ»ው ከየት እንደመጣ ባናውቅም «እምቢ»ው የእኛ ነው ማለቱ ነው። የላቦራቶሪው እምቢታ ግን ነጻ ነው፤ በነጻ ነው ማለቴ ነው። እጁን ባለማንቀሳቀሱ ከቤት የሚባረር የለም።

ከላቦራቶሪ ውጭ ያለውን ላሳያችሁ።

የእህቴ ልጅ ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታለች። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቷን የተቀበለቻት ማዳሟ ናት፤ ከዚያ በኋላ አላየችውም። ማዳም ስትወጣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስለ ሥራው ብዛት አታማርርም፣ እዚህም ሠርታለች። የምትነግረኝ ስለ በሩ ነው። «አክስቴ፣ ሲቆለፍ ቋ ሲል የሚሰማው ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ነው የቀረው» ትለኛለች። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በተከራየችው ቤት ሌሊት ተነስታ በሩ ከውስጥ እንደሚከፈት ታረጋግጣለች። ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ ትተኛለች።

ከፋላ የሚሉት ሥርዓት እንዲህ ነው የሚሠራው፦ የመኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም ታስሯል። ከቤቱ ያለ ፈቃዷ ወጣሽ ማለት ሥራ ለቀቅሽ ማለት አይደለም፤ «ጠፋሽ» ማለት ነው። ልጆቹ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት፦ «ጠፍታ ወጣች»። የጠፋች ሰው ደግሞ ሕገ ወጥ ናት፤ ፖሊስ ይፈልጋታል። ቃሉን እዩልኝ። አዋቂ ሴት በእግሯ ከአንድ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት ገባች፤ ስሟ ግን እንደ በግ «ጠፋች» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት የሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው እያወረዱ ሄዱ። ለእሷ ወንጀል የነበረው መለያየት ለእነሱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ሥርዓቱ አልተነካም ማለቴ አይደለም። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ሕጉን አሻሽላለች። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2021 አሻሽላለች፤ የቤት ሠራተኞችን ግን ከማሻሻያው ውጭ አደረገቻቸው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ይህንን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ የዐረብ አገር ጉዳይ ነው ብሎ ለመገላገል የሚያስብ ካለ፣ የራሳችንን ታሪክ ላስታውሰው። በአገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። አርነት ወጣ ይባላል፤ ደስ የሚል ቃል ነው። ግን አርነት የወጣው ሰው የሚያርሰው መሬት የለውም፤ ከሕፃንነቱ ከተወሰደበት አገር ማን ዘመዱ እንደሆነ አያውቅም። ብዙዎቹ አዋጁ ከወጣ በኋላም በቀድሞው ጌታቸው ደጅ ነው የቀሩት። በሩ ተከፍቷል፤ መውጫው ግን ወደየት ነው? በዱሮው አማርኛ የባርያ ተቃራኒ «ጨዋ» ነበር። ጨዋ ማለት የተወለደበት የሚታወቅ፣ ወገን ያለው ማለት ነው። አያቶቻችን ነጻ ሰው ሲሉ ብቻውን የቆመ ሰው አልታያቸውም፤ ሲከፋው የሚሄድበት ያለው ሰው ነው የታያቸው። ቃሉን የሰጡት ለማን እንደነበረ፣ ለማንስ እንደከለከሉት ግን ሌላ ምሽት የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ለወጣቶቹ የሚቀርበውን ደግሞ ላንሳ። እዚህ የመጣሁት በስልክ በሚጠራ ታክሲ ነው ብል ውሸት ነው፤ ይህን ስጽፍ ገና አልመጣሁም። ግን በዚያ ሳምንት የተሳፈርኩበት ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ፣ እኔ አለቃ የለኝም። ደስ ሲለኝ ስልኬን እከፍታለሁ፣ ሲደብረኝ እዘጋለሁ።» ደስ አለኝ። መቼ እንደዘጋው ስጠይቀው ሳቀ። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ናት። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይከፈላል። ከለሊቱ አስር ሰዓት ይወጣል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይገባል። አለቃ ቢኖረው ኖሮ አንዳንድ ቀን ሊዋሸው፣ ሊለምነው፣ ሊያኮርፈው ይችል ነበር። የወሩን አምስተኛ ቀን ግን ማን ያኮርፈዋል? ልጁ ራሱን ነጻ ነኝ ማለቱን ቅዠት ነው ብዬ አልቀበልም፤ ጠዋት ፈርም የሚለው የለም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እምቢ ለማለት መኪናዋን ማጣት እንዳለበት ግን እሱም ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህኛው ክፍል ይከብደኛል።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የአንድ ባለሥልጣን ልጅ በአማርኛም በሒሳብም ወደቀ። ርእሰ መምህሩ እኔንና የሒሳቧን መምህርት ለየብቻ ጠራን። ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ሻይ አዘዘልን። «እስቲ ውጤቱን እንደገና እዩት» አለ። እሷ አየሁት፣ ያው ነው አለች። እኔ ከ34 ወደ 52 አደረስኩት። ለዓመታት እሷን ጀግና፣ ራሴን ፈሪ አድርጌ ነው የኖርኩት። ጡረታ ከወጣን በኋላ ቡና ስንጠጣ አንስቼባት እንዲህ ብላ ሳቀችብኝ፦ «አንቺ ደግሞ! በዚያ ሳምንት እኮ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ቢያባርረኝ የስድስት ወር ቀለብ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።» እኔ ሁለት ልጆችና የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ዕቁብ አልነበረኝም።

ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም ይህን የምነግራችሁ። ዕቁብ ሳይኖራቸው እምቢ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ዋጋውንም ከፍለዋል። ግን ነጻነት የልብ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለኝን ሰው ያን ቦርሳ ላሳየው እወዳለሁ። በየሳምንቱ ሃያ ሰው ያዋጣው ብር ነው የእሷን «ያው ነው» የተናገረው።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ ሊሞግቱኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ዕቁብም፣ እድርም፣ ሠፈርም ራሳቸው ያስራሉ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። ይሉኝታ የሚባለው ዘበኛ ደመወዝ ሳይከፈለው ሌት ተቀን ይቆማል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ለልጁ ሠርግ ተበድሮ ደግሶ፣ ሙሽሮቹ እስኪወልዱ ድረስ ዕዳውን ያልጨረሰ ጎረቤት አለኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለቅሶ የሚደርስለት የለም። ከእድር መውጣት በወረቀት ቀላል ነው፤ መዋጮ ማቆም ነው። ግን ድንኳኑንስ ማን ይተክልልሃል? እናም የሚያስረውና እምቢ እንድንል አቅም የሚሰጠው ገመድ አንድ ሆኖ ይገኛል። ይህን እንዴት እንደሚፈቱት ለእናንተ እተወዋለሁ፤ እኔ አልፈታሁትም። ገመዱን ሁሉ በጥሳችሁ ስልካችሁን ብቻ ይዛችሁ የቀራችሁ ዕለት ግን «እስማማለሁ» የምትለዋ ቁልፍ ብቻዋን እንደምትጠብቃችሁ እወቁ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበር፤ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ብዬ ነበር። ይህን ያነበብኩ ማታ ተናድጄ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። እሷ ዝም ብላ ሰማችኝና «የእኛስ?» አለችኝ። ፈለግሁት። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ሌላ ደንብ ይወጣል ብሎ ነው የሚያልፋት።

ስልኩን ዘግቼ ማድ ቤት ገባሁ። ያቺ «አልስማማም ቢሉትስ?» ያለችኝ ልጅ ሳህን ታጥባለች። ደመወዟን እኔ ነኝ የማስቀምጥላት። «እንዳታባክኝው ላጠራቅምልሽ» ብያት ተስማምታለች። ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር? የሰባት ወር ደመወዟ መኝታ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ጋር፣ በአንድ ፖስታ ነበር። በር ቆልፌባት አላውቅም። ቆልፌባት እንደማላውቅም እኮራበት ነበር።

በማግስቱ ባንክ ወስጄ ደብተር አስወጣሁላት። መታወቂያዋንም፣ ገንዘቧንም በእጇ አደረግሁ። እንደ ደግ ሥራም ተሰምቶኝ ነበር፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማ መጣች። «እትዬ፣ ልሄድ ነው» አለች። የት ብላት አንዲት ጓደኛዋ ጋ ተዳብለው ሻይ ቤት ሊከፍቱ ነው። ከፋኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክፉኛ ከፋኝ፤ ምን አድርጌሽ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እስከ ፋሲካ እንኳ ብትቆዪልኝ?» አልኳት።

«አይ፣ እትዬ» አለችኝ፣ ጉንጬን ስማ።

ይህን ንግግር የጻፍኩት ማታ ማታ ሳህኑን ራሴ አጥቤ ስጨርስ ነው። ወረቀቱ አንዳንድ ቦታ የረጠበው ለዚያ ነው፤ ማንበብ ካቃተኝ ታገሡኝ። አመሰግናለሁ።